የጉባ ኮርኒስ 25 ዲግሪ አይደለም፦ ስፖት ላይት በቤት የኤሌክትሪክ ፍተሻ ላይ እንዴት ይመዘናል?

ጉባ የሚለው ስም ሲጠራ በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አእምሮ አስቀድሞ የሚመጣው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተቀመጠው ይህ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመንጭቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13ቱ ተርባይኖቹ በድምሩ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ስለ ግድቡ ግዙፍነት ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከዚያ ታላቅ ኃይል እጅግ ኢምንት የሆነችው ድርሻ፣ ማለትም በአንድ መኖሪያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የምትቀበር ባለ 50 ወይም ባለ 7 ዋት መብራት ናት። ኤሌክትሪክ ረጅም ጉዞውን የሚጨርሰው በእንዲህ ያለው ቦታ ነውና፣ ብርሃንም ሆነ እሳት የሚሆነው እዚያው ነው።

የቤት ኤሌክትሪክ ፍተሻ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰቡት ቆጣሪው፣ ብሬከሩ፣ የመሬት ሽቦውና ሶኬቶቹ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በዓይን ይታያሉ፤ በመሣሪያም ይለካሉ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ጨለማ ክፍተት ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል። የስፖት ላይት ፍርድ የሚሰጠው ደግሞ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። እንደ ጉባ ባለ ቆላማ አካባቢ ይህ ፍርድ ከአዲስ አበባው ፈጽሞ የተለየ ሊሆን እንደሚችልና ልዩነቱም ከየት እንደሚመጣ በሚከተሉት ገጾች እንመለከታለን።

ስፖት ላይት ለምን ይሞቃል?

በተለምዶ ስፖት ላይት የምንለው፣ ኮርኒሱ በክብ ተቀዶ ወደ ላይ የሚገባና በሁለት የሞላ ክንፎች ተይዞ የሚቀመጥ መብራት ነው። ከታች ሲታይ አንጸባራቂ ቀለበትና ብርሃን ብቻ ነው። የመብራቱ አካል፣ ሽቦው፣ መገጣጠሚያው፣ ትራንስፎርመር ካለውም ትራንስፎርመሩ የሚገኙት ከኮርኒሱ በላይ ነው። ከጣራ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አምፖል በዙሪያው አየር ስላለው ሙቀቱን በነፃነት ይለቅቃል። ስፖት ላይት ግን ፊቱ ለክፍሉ፣ ጀርባው ለተዘጋ ክፍተት ነው፤ ሙቀቱን የሚቀበለው አየርም እዚያው ተቀምጦ ይሞቃል።

ለብዙ ዓመታት በስፖት ላይት ውስጥ ሲገባ የኖረው ባለ 50 ዋት ሃሎጂን አምፖል ነው። ሃሎጂን አምፖል በውስጡ ያለችውን የተንግስተን ክር እስከ 2,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በማጋል ብርሃን ይሰጣል። ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደሚታይ ብርሃን የሚለወጠው ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ነው። ከዚህም በላይ ከክሩ የሚተነው ተንግስተን በሃሎጂን ጋዙ አማካይነት ወደ ክሩ ተመልሶ እንዲቀመጥ የአምፖሉ የኳርትዝ ገላ ከ250 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ስለሆነም የሃሎጂን አምፖል ትኩሳት የጉድለት ምልክት ሳይሆን የአሠራሩ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሃሎጂን ስፖቶች ዳይክሮይክ የተባለ አንጸባራቂ አላቸው። ይህ አንጸባራቂ እጅግ ስስ በሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ የሚታየውን ብርሃን ወደ ፊት ያንጸባርቃል፤ የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ግን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ዓላማው በመብራቱ ፊት ያለ የሱቅ ዕቃ ወይም የሙዚየም ቅርስ እንዳይሞቅ ማድረግ ነው። በዚህም ከጨረሩ ሙቀት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወደ አምፖሉ ጀርባ ይሄዳል። መብራቱ በኮርኒስ ውስጥ ሲቀበር ጀርባው ማለት ሞራሌው፣ ሽቦውና አቧራው ያሉበት ክፍተት ነው። ከታች እጁን ዘርግቶ «ይህ መብራት እምብዛም አይሞቅም» የሚል ሰው ስለዚህ የተሳሳተውን ወገን ዳስሷል።

ብሬከሩ ለምን ዝም ይላል?

«አደጋ ካለ ብሬከሩ ይጥላል» የሚል እምነት በሰፊው አለ። እምነቱ ለአጭር ዙርና ከአቅም በላይ ለሆነ ጭነት ትክክል ነው። ለስፖት ላይት ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ቀላል ሒሳብ ነው። ባለ 50 ዋት አምፖል በ220 ቮልት የሚወስደው 0.23 አምፔር ገደማ ነው። ይህ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ከሚፈቅደው ከአርባ አንዱን እንኳ አይሞላም። አምፖሉ በነፃ አየር ላይ ቢሰቀልም ሆነ በጆንያና በደረቅ ሣር ቢሸፈን የሚወስደው አምፔር በተግባር ያው ነው። የሚለወጠው የሚከማቸው ሙቀት ብቻ ነው። ብሬከር የሚቆጥረው ደግሞ አምፔርን እንጂ የእንጨትን ትኩሳት አይደለም። ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚያቋርጠው መከላከያም ቢሆን እዚህ የሚያየው ነገር የለም።

ሌላው ብሬከር የማያየው አደጋ የላላ መገጣጠሚያ ነው። በአንድ ሞርሴቶ ላይ ብሎኑ ላልቶ ግማሽ ኦም የሚያህል ተቃውሞ ተፈጠረ እንበል። በ220 ቮልት ለሚሠራ ባለ 50 ዋት አምፖል በዚያ ነጥብ ላይ የሚባክነው ኃይል 0.03 ዋት እንኳ አይሞላም። በትራንስፎርመር አማካይነት በ12 ቮልት ለሚሠራ ባለ 50 ዋት አምፖል ግን ሽቦው የሚሸከመው ወደ 4 አምፔር ስለሆነ፣ በዚያችው ነጥብ የሚባክነው ከ6 ዋት በላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ከ240 እጥፍ በላይ ነው። ስድስት ዋት በአንድ ሰፊ ሳህን ላይ ቢበተን ከቁጥር የማይገባ ሙቀት ነው። የጤፍ ፍሬ በምታክል ንክኪ ላይ ሲከማች ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል። «12 ቮልት ስለሆነ አያሰጋም» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ለንዝረት እንጂ ለእሳት አይደለም።

እንጨት ሳይነድ እንዴት ይከስላል?

እንጨት በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲቀጣጠል ከ250 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የስፖት ላይቱ ቆርቆሮ ያን ያህል እንደማይሞቅ ሲያይ ነገሩን ይተወዋል። ሆኖም እንጨት ለመለወጥ ነበልባል አይጠብቅም። ከ100 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀት ለወራትና ለዓመታት የቆየ እንጨት ውኃውን ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል። ይህ ሂደት ፓይሮሊሲስ ይባላል።

ለአገራችን አንባቢ ሂደቱ እንግዳ አይደለም። ከሰል አክሳይ የተከመረውን እንጨት በአፈር ሸፍኖ አየር አሳጥቶ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ በቀናት የሚጨርሰውን ኮርኒስ ውስጥ ያለው መብራት በዓመታት የሚያከናውነው መሆኑ ነው። ከሰል ከእንጨት ይልቅ በቀላሉ እንደሚቀጣጠል፣ ያለ ነበልባልም ውስጥ ለውስጥ እንደሚግም የታወቀ ነው። ስለዚህ ለአምስት ዓመት ያለ ችግር የሠራ ስፖት ላይት በስድስተኛው ዓመትም አያሰጋም ማለት አይቻልም። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ መብራቱ አልተለወጠም፤ በአጠገቡ ያለው እንጨት ግን ተለውጧል።

የኮርኒሱ ዓይነት በዚህ ላይ ከፍተኛ ድርሻ አለው። በአገራችን ቤቶች የአቡጀዲ፣ የችፑድና የጂፕሰም ኮርኒሶች ይገኛሉ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ክልል እንደመሆኑ መጠን፣ ቀርከሃ ለግድግዳም ለኮርኒስም ይውላል። ጂፕሰም በክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረ ስለሆነ አይነድም፤ ሲሞቅም ውኃውን እየለቀቀ እሳትን ያዘገያል። ይሁንና ጂፕሰሙ የተመታው በባሕር ዛፍ ወይም በሞራሌ ላይ ነው። ስፖት ላይቱ የሚጠጋው ያንን እንጨት ከሆነ የጂፕሰሙ ጠባይ አያድነውም። ለስፖት ላይት የሚቀደደው እያንዳንዱ ቀዳዳም ጂፕሰሙ በክፍሉና በጣራው እንጨት መካከል የሚሰጠውን ከለላ የሚያፈርስ በር ነው። ቀርከሃና አቡጀዲ ግን ከመነሻው ስሶችና ደረቆች በመሆናቸው ለሚሞቅ ስፖት ላይት የሚመቹ አይደሉም።

25 ዲግሪ የምትባለው ቁጥር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አንድ መብራት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በቤተ ሙከራ ይፈተናል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60598 የተሰኘው የመብራት ዕቃዎች ስታንዳርድ፣ መብራቱ በመደበኛ አሠራር ላይ ሳለ የተገጠመበት የሚቃጠል ገጽ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይደነግጋል። ይህ ወሰን የተመረጠው ከላይ ያየነውን የእንጨት ዝግተኛ መክሰል ለመከላከል ነው። ነገር ግን ፈተናው በየትኛው የአየር ሙቀት የተደረገ ነው? በመብራቱ ላይ ሌላ ቁጥር ካልተጻፈ በስተቀር መልሱ 25 ዲግሪ ነው።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት አንድ ሐሳብ ይበቃል፤ እርሱም የሙቀት ጭማሪ ነው። መብራት በራሱ ይህን ያህል ዲግሪ የሚባል ቋሚ ሙቀት የለውም። ያለው በዙሪያው ካለው አየር በላይ የሚጨምረው ሙቀት ነው። ለምሳሌ ያህል በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሲፈተን አጠገቡ ያለውን እንጨት 85 ዲግሪ የሚያደርስ ስፖት ላይት ጭማሪው 60 ነው። ከ90 ዲግሪ በታች ስለሆነም ፈተናውን አልፏል። ይኸው መብራት ሙቀቱ 55 ዲግሪ በደረሰ የኮርኒስ ክፍተት ውስጥ ቢበራ እንጨቱ ወደ 115 ዲግሪ ይጠጋል። በእርግጥ የሞቀ አካል ሙቀቱን በጨረር የመልቀቅ ችሎታው ስለሚጨምር ጭማሪው ጥቂት ይቀንሳል። ሆኖም ቅናሹ ነገሩን ወደ 90 የሚመልስ አይደለም። መብራቱ አልተበላሸም፤ አምራቹም አልዋሸም። የተለወጠው ቦታው ነው።

ጉባ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አሶሳ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ የሕዳሴ ግድብ ባረፈበት የዓባይ ሸለቆ የወንዙ ወለል ከፍታ 500 ሜትር ገደማ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ቀትር ላይ የጥላ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው የተዘጋ ክፍተትማ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። መሻገሪያ ነፋስ በሌለበት ጣራ ከ50 ዲግሪ በላይ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። መብራት የሚበራው ማታ አይደለምን? ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ፈጥኖ ይበርዳል። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት ሳሎን ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ የሚበራ ስፖት ላይት ከክፍተቱ የሚቀበለው አየር ምናልባት 35 ዲግሪ ይሆናል። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ እንጨቱ 95 ዲግሪ ይደርሳል፤ አሁንም ከወሰኑ በላይ ቢሆንም ከቀትሩ ይሻላል። መስኮት በሌለው ኮሪደር፣ በሱቅ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያና በመሰብሰቢያ አዳራሽ ግን መብራት ቀኑን ሙሉ ይበራል፤ የሁለቱ ሙቀቶች መደመርም በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው እዚያ ነው። በመሆኑም ለመርማሪው «ይህ መብራት መቼ ነው የሚበራው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» ከሚለው አይተናነስም።

የሽቦው ሽፋንም በዚሁ ሒሳብ ይተዳደራል። በቤት ዝርጋታ የተለመደው የፒ ቪ ሲ ሽፋን የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው። በኬሚስትሪ እንደሚታወቀው የአካላት መበላሸት ፍጥነት ከሙቀት ጋር አብሮ ይጨምራል። በኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ የተለመደው ግምታዊ ደንብ እያንዳንዱ 10 ዲግሪ የሽፋኑን ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ስለዚህ በ70 ፈንታ በ90 ዲግሪ የሚኖር ሽፋን የዕድሜው አራተኛ ብቻ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ መዳቡም ይገለጣል። ቮልቴጁ ከፍ ሲልም ሁኔታው ይባባሳል። ለ220 ቮልት የተሠራ ሃሎጂን አምፖል 240 ቮልት ቢደርሰው የሚወስደው ኃይል ወደ 14 በመቶ ይጨምራል።

የአውስትራሊያ ትምህርት

ይህ ጉዳይ የሐሳብ ሒሳብ ብቻ እንዳልሆነ የአውስትራሊያ ተሞክሮ ያሳያል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ሥራ ለመፍጠርና ኃይል ለመቆጠብ በማሰብ የቤቶችን ኮርኒስ በሙቀት መከላከያ ንጣፍ በነፃ የማልበስ ፕሮግራም ጀመረ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶች ለበሱ። በብዙዎቹ ቤቶች ኮርኒስ ውስጥ ግን የሃሎጂን ስፖት ላይቶች ነበሩ። ንጣፉ በላያቸው ላይ ሲወድቅ ወይም ሲጠጋቸው ሙቀቱ መውጫ አጣ፤ ከመቶ በላይ እሳቶችም ከዚህ ሥራ ጋር ተያያዙ። አራት ወጣት ሠራተኞችም በሥራው ላይ ሕይወታቸውን አጡ፤ ሦስቱ በኤሌክትሪክ፣ አንዱ በሙቀት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 እንዲቆም ተደረገ። የተቋቋመው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፖርቱን አቀረበ።

ከዚህ የምንማረው ስለ ንጣፉ ብቻ አይደለም። መብራቱን የገጠመው ኤሌክትሪሺያን ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ክፍተቱ ባዶ ነበር። በኋላ የመጣው ሌላ ባለሙያ ደግሞ የሚያውቀው ንጣፉን እንጂ መብራቱን አልነበረም። የእሳቱ ምክንያት ከሁለት ሙያዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተወለደ። በሰሜን አሜሪካም ተመሳሳይ ችግር በመታየቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኮርኒስ የሚቀበሩ መብራቶች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ንጣፍ እንዲነካቸው ተብለው ያልተሠሩት መብራቶችም ከንጣፍ 76 ሚሊ ሜትር፣ ከሚቃጠል ነገር ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲርቁ ይጠየቃል።

በአገራችን ኮርኒሱን በንጣፍ ማልበስ ብዙም አልተለመደም። ይሁን እንጂ የንጣፉን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች አሉ፤ አይጥ የሰበሰበችው ጨርቅና ገለባ፣ ወፍ ያስገባችው ሣር፣ የዓመታት አቧራ፣ የቀርከሃ ቅጠል፣ ቦታ በማጣት ከኮርኒስ በላይ የተወረወረ ጆንያ ወይም ስፖንጅ። እነዚህ ሁሉ ሙቀትን ያፍናሉ፤ ከአውስትራሊያው ንጣፍ በተለየም አብዛኞቹ ራሳቸው ይነዳሉ።

መርማሪው በቅደም ተከተል ምን ያድርግ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሳት ፍተሻው የሚከተለውን መልክ ሊይዝ ይችላል። ሥራው የባለሙያ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ ይጠቅመዋል።

1. መጠየቅ። መብራቱ መቼ ተገጠመ? በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ከተገጠመ በኋላ ጣራ ላይ የወጣ ሰው አለ? በራሱ ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ የሚበራ ስፖት አለ? ይህ የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ የአምፖል ብልሽት ይመስላል። መብራቱ የሙቀት መቆጣጠሪያ ካለው ግን «ታፍኛለሁ» የሚልበት ቋንቋ ነው። አምፖሉን መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

2. ከታች ማየት። በቀለበቱ ዙሪያ ቡናማ ክብ፣ የተሰነጠቀ ቀለም፣ የተጣመመ ፕላስቲክ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ፍርዱ ከወዲሁ ግማሽ ተሰጥቷል።

3. ኃይል አቋርጦ ማውጣት። ብሬከሩ ከተዘጋና በመፈተሻ መሣሪያ ሽቦው ኃይል እንደሌለው ከተረጋገጠ በኋላ፣ አምፖሉም ከበረደ በኋላ ስፖቱ ከቀዳዳው ይወጣል። በቀዳዳው በኩል በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ክፍተቱ ይታያል። እንጨቱ ጠቁሯል? በላዩ ላይ ምን አለ?

4. ምልክቶቹን ማንበብ። የተፈቀደው ከፍተኛ ዋትና የአየር ሙቀት ይታያል። ሙቀቱ ካልተጻፈ 25 ዲግሪ ብሎ መውሰድ ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ የላቲን ኤፍ ፊደል በቀድሞዎቹ መብራቶች ላይ በሚቃጠል ገጽ ላይ መገጠም ይቻላል ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ግን አሠራሩ ተገልብጦ፣ ምልክት የሚደረገው በማይቻለው ላይ ነው፤ ምልክቱም የተሰረዘ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ በላዩ ንጣፍ የተኛበትን መብራት የሚያሳይ የተሰረዘ ሥዕል ካለ መሸፈን ክልክል ነው። በሜትር የተጻፈ ርቀት ያለበት ምልክት ደግሞ ከመብራቱ ፊት ላለው ነገር ነው። ይህ ሥዕል ቸል የሚባል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 የእንግሊዙን የዊንዘር ቤተ መንግሥት በከፊል ያወደመው እሳት የተነሳው መጋረጃ ከነካው አንድ ስፖት ላይት ነበር።

5. ርቀት መለካት። ከመብራቱ ጎንና ጀርባ እስከ ሞራሌው፣ እስከ ሽቦውና እስከ ቆርቆሮው ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። አምራቹ ካዘዘው ካነሰ መብራቱ ወይም እንጨቱ ቦታ መለወጥ አለበት።

6. መገጣጠሚያውን መመርመር። ሽቦው በስካቶላ ውስጥ በሞርሴቶ ተይዟል ወይስ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል? ሲታጠፍ ይሰነጠቃል? ፖርታላምፓው ጠቁሯል? በተለይ ባለ 12 ቮልት ከሆነ እያንዳንዱ ብሎን በካቻቢቴ ይፈተሻል። ሽቦው በመብራቱ ጀርባ ላይ ተጋድሞ መገኘት የለበትም።

7. ሙቀቱን መለካት። መብራቱ ተመልሶ ተገጥሞ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይበራል፤ ሙቀት ወደ ሚዛኑ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነውና የአሥር ደቂቃ ልኬት ያታልላል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚለካ ሰው ደግሞ አንጸባራቂ ብረትን በቀጥታ መለካት የለበትም። የተወለወለ አሉሚኒየም የራሱን ጨረር እጅግ ጥቂት ስለሚለቅቅ መሣሪያው ከእውነተኛው በታች ያነባል። በብረቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ ፕላስተሩን መለካት ግን ትክክለኛውን ያህል ይሰጣል። ፕላስተሩ ከልኬቱ በኋላ ይነሳል።

8. ማስላት። በዚህ ደረጃ የጉባው መርማሪ ከአዲስ አበባው ይለያል። ለምሳሌ ጠዋት የክፍተቱ አየር 30 ዲግሪ፣ በመብራቱ አጠገብ ያለው እንጨት 72 ዲግሪ ተለኩ እንበል። ጭማሪው 42 ነው። መብራቱ ቀን የሚበራ ከሆነና ክፍተቱ በበጋ ቀትር 55 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ 55 ሲደመር 42 እኩል 97 ይሆናል። ጠዋት ያለ ችግር ያለፈ የመሰለው መብራት በእውነቱ ከ90 ዲግሪ ወሰን በላይ ነው። የተነበበውን ቁጥር ብቻ መዝግቦ የሄደ መርማሪ የጠዋቱን ቤት እንጂ ቤቱን አልፈተሸም።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ ከሦስት አንዱ ነው። የጠቆረ እንጨት፣ የተሰነጠቀ ሽቦ ወይም የተሸፈነ ሃሎጂን ከተገኘ መብራቱ በዚያው ዕለት ይቋረጣል። ስሌቱ ከወሰን በላይ ከሆነ ግን እንጨቱ ገና ካልተነካ እስኪስተካከል ድረስ በቀን እንዳይበራ ተነግሮ እርምት ይታዘዛል። ሁሉም በቂ ከሆነ የክፍተቱ ሁኔታ ተመዝግቦ የሚቀጥለው ፍተሻ ጊዜ ይወሰናል።

ኤል ኢ ዲ ችግሩን ይፈታል?

በአብዛኛው አዎን። ባለ 50 ዋት ሃሎጂን የሚሰጠውን ብርሃን የኤል ኢ ዲ መብራት ከ5 እስከ 7 ዋት ባለ ኃይል ይሰጣል። በክፍተቱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀትም በዚያው ልክ ይወርዳል። አንድ ባለቤት በትንሽ ገንዘብ ከፍተኛ የእሳት ደኅንነት ሊገዛ የሚችልበት ለውጥ ቢኖር ይህ ነው።

ሆኖም ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ኤል ኢ ዲ ድራይቨር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው፤ እርሱም በክፍተቱ ሙቀት ይጎዳል። በላዩ የተጻፈውን የአየር ሙቀት ወሰን ማየትና ለቆላ አካባቢ 50 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን መምረጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ አምፖሉ ብቻ ተለውጦ የሃሎጂኑ ፖርታላምፓ ከቀረ፣ ነገ ኤል ኢ ዲው ሲቃጠል ሌላ ሰው ባለ 50 ዋቱን መልሶ ሊያስገባበት ይችላል፤ ስለዚህ ከተቻለ ሙሉው ዕቃ ይለወጥ። ሦስተኛ፣ የላላ ሞርሴቶ በኤል ኢ ዲ ምክንያት አይጠብቅም፤ በሃሎጂን ዘመን የደረቀ ሽቦም አይለሰልስም።

አንዳንዶች መብራቱን ከላይ በብረት ሣጥን በመሸፈን እንጨቱን ለመከላከል ይሞክራሉ። ሣጥኑ በእርግጥ እንጨቱን ይከላከላል፤ ነገር ግን ጠባብ ከሆነ መብራቱን ራሱን ያፍነዋል። በውስጡ በቂ አየር የሚይዝና ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ለቀርከሃ፣ ለአቡጀዲና ለሣር ክዳን ቤቶች ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ኮርኒሱን ሳይቀዱ ከበታቹ የሚንጠለጠል ኤል ኢ ዲ መብራት መስቀል። እንዲህ ያለው መብራት ሙቀቱን የሚለቅቀው ሰዎች ወደሚኖሩበት አየር ነው። የጣራው ጎኖች ላይ አይጥና ወፍ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈኑ የአየር መተላለፊያዎችን ማውጣት ደግሞ ክፍተቱን ለመብራትም ለሰውም ያቀዘቅዘዋል።

ከማን ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች 10ኛው የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት ነው። በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኙበት ሥርዓትም አለ። ኮድ ግን ስለ አንድ የተወሰነ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያ ቤት ጣራ ሥር ስንት ዲግሪ እንዳለ፣ መብራቱ ቀን እንደሚበራ፣ ከላይ ጆንያ መኖሩን የሚያውቀው ወጥቶ ያየው ሰው ብቻ ነው። ጣራ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ባለሙያ፣ ውኃ ቧንቧ ሠሪም ሆነ አናጢ፣ በስፖት ላይት ላይ አንዳች ነገር እንዳያኖር ቢነገረው የአውስትራሊያው ስሕተት በእኛ ቤት አይደገምም።

ኤሌክትሪክ ወደ ብዙ ቆላማ ወረዳዎች በመድረስ ላይ ይገኛል። አዳዲስ ቤቶችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጂፕሰም ኮርኒስና በስፖት ላይት እየተዋቡ ነው። እሳት ደግሞ ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት፣ ከእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ በራቀ ቦታ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከመግባቱ በፊት፣ በጥርና በየካቲት፣ በቤትዎ ካሉት ስፖት ላይቶች ቢያንስ ቀን የሚበሩትን በባለሙያ አስወጥተው ከበስተኋላቸው ያለውን እንጨት ይመልከቱ። ባለሙያውም ቴርሞሜትሩን ይዞ ሲመጣ፣ የመብራቱን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የክፍተቱን አየርም እንዲለካና ሁለቱን እንዲደምር ይጠይቁት።